ሰማያዊው ግድግዳ

ልጄ እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ዘመድ ሁሉ ጂን ነው አለ። ቁርኣን አስቀራንባት፤ ዝም እንዳለች ቀረች።

በኋላ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አስተማሪ ተቀበለቻት። የምታስተምረው በፎቶ ነው። እጅ መታጠብ፣ መቀመጥ፣ መብላት፣ ወደ ቤት መሄድ፤ ካርቶን ላይ በተርታ ትለጥፋቸዋለች። ልጄ አንዱን ስትጨርስ ፎቶውን ነቅላ ጣሳ ውስጥ ትከታለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቀች አትጮህም።

"ይኼም ትምህርት ሆነና!" አልኩ።

"እርስዎስ ሀ ሁን የሚቆጥሩት በተርታ አይደለም?" አለችኝ። ፊደል የጀመርኩት በአርባ ዓመቴ መሆኑን ማን እንደነገራት እንጃ።

በመንፈቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ብቻዋን መመለስ ቻለች። ፎቶዎቹ አንገቷ ላይ ተንጠልጥለዋል፦ ሸዋ በር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መጨረሻ ላይ የቤታችን ሰማያዊ ግድግዳ። ከሥሩ "ቤት" ተብሎ ተጽፏል። ቤት ስትደርስ ያንን ፎቶ እኛ ቤት ባለው ጣሳ ውስጥ ትጥላለች።

ረመዳን ሊገባ ሲል እንደ ልማዳችን ግድግዳ ቀባን። ጀጎል ውስጥ ያልቀባ ይታማል። እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ነው አረንጓዴ ያደረግሁት።

ያን ቀን አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ሲደርስ ከመንገዷ ውጭ፣ ፈላና በር አካባቢ አገኘናት። የማናውቀው ሰው ቤት ሰማያዊ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ በሩ እስኪከፈት ትጠብቃለች።

"ከአንተ ቤት ይሻላል፤ አላጠፋችም" አለኝ አብሮኝ ሲፈልግ የዋለው ጎረቤቴ።

ሚስቴ አልሳቀችም። "ካሁን ወዲያ ከደጅ አትወጣም። ወላሂ አትወጣም!"

አስተማሪዋ ላይ ልጮህባት ሄድኩ። ጮህኩም። አስጨርሳኝ፣ "ግድግዳው መቀባቱን ለልጅቷ ማን ነገራት?" አለች።

ማን ይንገራት! እኔ "ቤት" የሚለውን ቃል አነባለሁ፤ በምንም ቀለም ቢቀባ ያው ቤት ነው። እሷ የምታነበው ፎቶውን ነው። በትክክል አንብባለች።

"አዲስ ፎቶ አነሳለሁ፤ እስኪታጠብ ሳምንት ይፈጃል" አለችኝ። በሳምንት ውስጥ የሚስቴ መሐላ ይጠነክራል። አንድ ቀን ብቻ ትውጣ ብዬ ሚስቴን ለመንኳት።

በማግስቱ አረንጓዴው ላይ ሰማያዊ ደረብኩበት።

"አብዷል" አለ ጎረቤቴ፣ እኔ እየሰማሁት።

ልጄ መጣች። ፎቶውን አየች፤ ግድግዳውን አየች። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ በመዳፏ ዳሰሰችው። ገባችና ፎቶውን ጣሳው ውስጥ ጣለች።

ሚስቴ ሰማያዊ የሆነውን እጇን ይዛ ብዙ አጠበችው።

"ነገ ትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?" አለችኝ ቀና ሳትል።

ሰዓቱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

"በሁለት" አልኳት።