የማይዘፈኑት ስምንት ስንኞች

«ባቡሩ ሳይመጣ ዝናቡ ቀደመኝ፣
ጃንጥላ የያዘ ሌላ ሰው ወሰደኝ፣
ልቤ ጣቢያው ቀርቶ ባቡር ሲቆጥርበት፣
ህም ህም ህም…»

አራተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ሚልድሬድ ሮስማን ሁልጊዜ ይጠፋባታል። ሲያሳፍር! የገጠመችው እኮ ራሷ ናት።

ከታች የብሮድዌይ ጎዳና ይንጫጫል። እሷ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ቤት ውስጥ፣ የሰው ስም በታይፕ ትመታለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን ርዕስ ሥር፣ በቅንፍ፣ የዜማውንና የግጥሙን ደራሲ ስም፣ ከጎኑም የዘፈኑን ርዝመት በደቂቃ ማስፈር። ዛሬ ማሽኗ ላይ ያለው የዘፋኟ የዶሎረስ ሄይዋርድ አዲስ ሸክላ ነው። አሥራ ሁለት የቆዩ ዘፈኖች፣ ሁሉም በየሰዉ አፍ ያሉ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ የኖርማን ኬስለር ናቸው። ኬስለር፣ ኬስለር፣ ኬስለር። ስሙ ላይ ስትደርስ ቁልፎቹን ከሌላው ስም ይልቅ አጥብቃ ትደበድባለች።

ሰባተኛው ዘፈን «እዚያው ጠብቀኝ» ላይ ግን ከኬስለር ቀጥሎ ሌላ ስም አለ፤ ኤም. ሮስ። ኤም. ሮስ እሷ ናት። በቢሮው ይህን የሚያውቅ የለም።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ግማሹ ቁልፍ በማይሰማ ፒያኖ አጠገብ፣ ከኬስለር ጋር ሥራውን ተካፈሉ፤ መግቢያውን እሷ፣ አዝማቹን እሱ። ያኔ ዘፈን ያለ መግቢያ አይወጣም። ዘፋኙ መጋረጃው ፊት ቆሞ፣ ምን እንዳገኘው በስምንት ስንኝ ለሰው ያዋያል፤ አዝማቹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመድረኩ ዘመን ሲያልፍ ግን ዘፋኞች መግቢያውን እየጣሉ ከአዝማቹ መጀመር ልማዳቸው ሆነ። የሚልድሬድ ስም ሸክላ ሁሉ ላይ ታተመ፤ ቃሏ ግን ካንድም ሸክላ አልተሰማም። አንዴ ሠርግ ላይ የአክስቷ ልጅ በርኒስ አዝማቹን ሰምታ፣ «ሚሊዬ፣ ይሄን ቃል ከየት አመጣሽው?» ብላ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሚልድሬድም «አመሰግናለሁ» አለች፣ በተዋሰው ካፖርት «አምሮብሃል» እንደተባለ ሰው። ኬስለር ሌባ ቢሆን ምንኛ በቀለላት! ትከሰው፣ ትረግመው ነበር። እሱ ግን ምንም አልሰረቃትም። የጻፈው ተወደደለት፣ በቃ።

በሩ ተበርግዶ የቀረጻው ኃላፊ ገስ ፓላዲኖ ገባ። ገና ምሳ ሰዓት ነው፣ ክራባቱ ግን ተፈቷል።

«ሚልድሬድዬ፣ የሰባተኛውን ዘፈን ደቂቃ ትቀይሪልኛለሽ። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ አርባ ሰከንድ በዝቶብኛል። ሴትየዋ ደግሞ መጀመሪያው ላይ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ወሬ ዘፍናለች። ባቡር፣ ዝናብ፣ ምናምን። ከቴፑ ላይ በምላጭ ቆርጬ እጥለዋለሁ።»

ሚልድሬድ ከማሽኑ ቀና አለች። መዘፈኑንም መቆረጡንም የሰማችው ባንድ ትንፋሽ ነው።

«አይቆረጥም» አለች።

«ምን?»

«ወሬ አይደለም። መግቢያው ነው።»

«የማን? የዚህ የሮስ? ሰውየው አፈር ሆኗል፣ ማን ይከሰኛል?»

«ሰውየው ሴት ናት። አፈርም አልሆነችም። የደራሲዎችን ስም ስትሳሳት ስድስት ዓመት ስታርምልህ የኖረች ናት።»

ገስ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «አንቺ? ተይ እንጂ! እናቴ እኮ ሳህን የምታጥበው በዚህ ዘፈን ነው። ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ልበላችሁ? እናትህ የምታዜመው የኔ አይደለም ልበል?»

ገስ ጭንቅላቱን አከከ። «እሺ፣ ከየት ልቁረጥ ታዲያ?»

ጣቷ ወዲያው አሥረኛው ዘፈን ላይ አረፈ። የኬስለር ነው፤ አዝማቹ መጨረሻው ላይ እንደገና ይደገማል። «ከዚህ።»

«ኬስለር ይገድለኛል! እሱ ትልቅ ሰው ነው። ራስሽ ደውይለት፤ እሺ ካለ እቆርጣለሁ፣ ካላለ ግን ባቡሩም ዝናቡም ይሄዳል።»

አብረው መጻፍ ካቆሙ ጀምሮ የኬስለርን ስልክ ቁጥር አዙራው አታውቅም።

«ኖርማን? ሚልድሬድ ነኝ።»

«ሚሊ! ኩርፊያው አለቀ ወይስ መሞቴን ልታጣሪ ነው?»

ሳትስቅ ነገረችው።

«ዘፈነችው በይኛ!» ሲል ጮኸ። «ቤቷ ድረስ ሄጄ እኮ ነው ያስጠናኋት። የግጥሙ ወረቀት የትም ስላልተገኘ፣ በዚህ ሲጢጥ በሚል ድምፄ ስምንቱንም በቃሌ ዘፈንኩላት።»

«ስምንቱንም?»

«አንድም አልዘለልኩ። የኔን ቁረጡት፣ ሚሊ። እኔ ከበቂ በላይ ተሰምቻለሁ።»

ከበቂ በላይ! ይሄን ማለት የሚችለው የጠገበ ሰው ብቻ ነው። በዝና ቀደማት፤ ይባስ ብሎ በደግነትም ቀደማት።

«ፈቃድህን በጽሑፍ ላክልኝ» አለችና ሳታመሰግነው ስልኩን ዘጋች።

ኬስለር መፍቀዱን ሲሰማ ገስ ወደ ቀረጻው ክፍል ወሰዳትና ምላጩን አነሳ። የኬስለር አርባ ሰከንድ ቴፕ እንደ ሪባን ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሚልድሬድ ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን ጠላችው። ገስ ሰባተኛውን ከፈተላት። ሄይዋርድ ብቻዋን፣ ከአንድ ፒያኖ ጋር፣ ለጓደኛ እንደምታወራ ሆና ስምንቱን ስንኞች፣ ሚልድሬድ የሚጠፋባትን አራተኛውንም ጨምራ፣ ተናገረች። ከዚያ አዝማቹ ገባ። ያ ሲያንገበግባት የኖረ የኬስለር ቃል ከሷ ቃል ጎን ሲቆም ከወትሮው ይልቅ አማረ። ማማሩ አናደዳት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

«ልድገመው?» አለ ገስ።

«አይ። ምሳዬን አልበላሁም።»

የአሥረኛውን ዘፈን አዲስ ደቂቃ መታች፤ ሁለቱንም ስም ፊደል በፊደል አመሳከረች፤ ካፖርቷን ደርባ ወረደች። ማዶ ካለው ካፊቴሪያ የገብስ ሾርባ፣ ጥቁር ዳቦና ኮምጣጤ የገባ ኪያር ትሪ ላይ አስቀመጠች። ሰዓቱ ስላለፈ ጠረጴዛው ሁሉ ባዶ ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዳቦውን ቆርሳ ሾርባው ውስጥ ነከረች።