ከጊደር ጋር የተመዘነችው መብራት

ስለ አሮጌ ዕቃ ማንም አላስተማረኝም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያልጠገንኩት ሰዓት፣ ያልፈታሁት ራዲዮ የለም፤ ነሐስን ከመዳብ የለየሁት በገዛ ጣቴና በገዛ ጆሮዬ ነው። ከጅጋ እስከ ቡሬ አሮጌ ዕቃ ሲያከራክር ሰው የሚላከው ወደ እኔ ነው። ይህን የማወራው ያን ቀን ያናደዱኝ ሰዎች ማንን እንዳናደዱ እንዲታወቅ ነው።

ቡሬ አጠገብ አንድ ገበሬ ሞተው ወንድ ልጃቸውና ሴት ልጃቸው ውርስ ሊካፈሉ ተቀመጡ። መሬቱና በሬው ያለ ጠብ አለቀ። የቀሩት አንዲት ጊደርና አንዲት የጠረጴዛ መብራት ነበሩ። መብራቷን ሟቹ በወጣትነታቸው መንገድ ለሚሠሩ ፈረንጆች ዘበኛ ሳሉ ነው ያገኟት፤ ክንድ የምታህል፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የመስታወት ኳስ የያዘች የሴት ምስል ናት። የሚያካፍሏቸው ሽማግሌዎች ሁለቱን አቻ አድርገው ዕጣ ሊያወጡ አሰቡ። መብራቷ ከጊደር ትመጣጠን እንደሆነ የሚያውቅ ስለጠፋ እኔ ተጠራሁ።

እህትየው ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። ጊደሯ ልትወልድ ወር አልቀራትም። የሴትዮዋ ዓይን ከዚያች ጊደር አልተነቀለም።

አሮጌ ዕቃ ሲገመት እንደተገኘ ነው የሚቀርበው። ወንድምየው ግን ማልዶ ተነሥቶ መብራቷን በአመድና በሎሚ ፈትጓታል! የነሐስ መልክ የነበረው ቀለም ከጉልበቷና ከአፍንጫዋ ተልጦ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ ይዩልኝ! ከሥሯ ብር ናት!» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ብር አይደለችም። ማን ፈትጋት አለህ?»

«ታዲያ ለእርስዎ ያደፈ ነገር ይቀርባል?»

ገለበጥኳት። በቢላዬ ጫፍ መቀመጫዋን ከሥር ጫር አደረግሁ። ነሐስ ብትሆን ቢጫ በወጣ ነበር፤ የወጣው ግን ቆርቆሮ የሚለበጥበት ዚንክ ነው፣ ግራጫ። በጣቴ መታኋት። ነሐስ ሲመታ እንደ ደወል ድምፁ ይረዝማል፤ እሷ ቋ ብላ ዝም አለች። የኤሌክትሪክ ገመዷም ተበልቷል።

«አንድ በግ ብታወጣ ነው፤ ያውም ገዢ ከተገኘ። ከጊደር ጋር አታስተካክሏት» አልኩ።

«መቼም እኛ ብረት አዋቂ ነን ባንልም...» ብለው ጀመሩ አንዱ ሽማግሌ።

አታውቁም! ለዚህ አይደል የጠራችሁኝ?

ወንድምየው ሳቀ። «ጋሼ፣ ነገርዎ ገብቶኛል። ዛሬ በግ ናት ይሉናል፣ ነገ በበግ ይወስዷታል!»

በዚህ ዕድሜዬ! ሦስት ጊዜ ነገርኩት። በሦስተኛው ብድግ አለና «ዕጣም አያሻ። እኔ መብራቷን፣ እታለም ጊደሯን ትውሰድ» ብሎ ቈረጠው።

አራተኛ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ዕውቀቴን ያልፈለገን ሰው በግድ አላጎርስም።

ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁ። ማንን? እሱን! «ለእህቱ ጊደር የለቀቀ፣ እሱም አይጣ» እያሉ። እሱ መብራቷን በጋቢው ጠቅልሎ አሜን ይላል። እኔን እስከ አጥሩ የሸኘኝ እንኳ የለም።

መንገድ ላይ እህትየው ጊደሯን እየሳበች ደረሰችብኝ። ዞር ብላ ማንም አለመከተሉን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። አራተኛ እንዳይደግሙለት ስጸልይ ነበር።»