የካዛንቺስን ዝናብ እጥፍ ያደረግኩበት ቀን

ካዛንቺስ ቢሯችን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል ብዬ ነው ለሰው የማወራው። ትልቅ ፋይል ሲከፈትበት እንደ ሄሊኮፕተር ይጮህና ቀጥ ይላል። ወጣቷ ባልደረባዬ የማስተርስ ጥናቷን የሠራችው በዚሁ ጉድ ነው፤ የከተማዋን የዓመታት የዝናብ መዝገብ ይዛ ጎርፍ የትኛውን ሰፈር እንደሚያሰጋ ታሰላለች።

መዝገቡ ግዙፍ ስለሆነ ዘዴ ነበራት። የአንድ ሰፈር ዝናብ ስትፈልግ ለብቻው አትገለብጠውም፤ እዚያው ፋይሉ ላይ መስኮት ከፍታ ያንን ክፍል ብቻ ታየዋለች። ለእኔም አስተማረችኝ። ሁለት መስመር ኮድ ጻፍኩና በቃ፣ ሳይንቲስት ሆንኩ።

ጥናቷን ለመምህራኑ የምታቀርብ ዕለት ጠዋት ወረቀት ልታሳትም ሜክሲኮ ሄደች። እኔ ወንበሯ ላይ ጉብ አልኩ። የሰፈሬን የካዛንቺስን ዝናብ በሁለት አባዛሁና ግራፉን ለዘበኛው አሳየሁት፤ እኛ ጋ ሲዘንብ እንዲህ ነው አልኩት። ሳቀ። ሌላ ሰው ሲመጣ ኮዱን እንደገና አስነሳዋለሁ። መስመሩ በየጊዜው ሽቅብ ይመዘዛል፤ እኔ ደግሞ ቀልዴ እየበሰለ መስሎኝ ደስ ይለኛል።

ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሳ ግራፉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ስምንት ሰዓት ላይ መምህራኑ ፊት ትቆማለች። ሌላው ቅጂ ያለው ቄራ፣ ቤቷ ነው፤ ሄዳ ለመመለስ ጊዜ የለም።

«እኔ እኮ የነካሁት ቅጂውን ነው» አልኳት።

«ምን ቅጂ አለ ጋሼ? መስኮት ነው አልኩዎት እኮ። በመስኮት እጅዎን ሰደው ዋናውን ነው የነኩት።»

የተባዛ ይካፈላል፤ ግን ስንት ጊዜ? ሁለት እጥፉም አራት እጥፉም ዝናብ ይመስላል።

«ለስንት ሰው አሳዩ?» አለችኝ።

ለሕንፃው በሙሉ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ጅብ አይቼ ሃያ ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እሷ ግን ቁጥሩን ልትጽፍ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብላ ትጠብቀኛለች።

«ለሦስት» አልኩ። «ለዘበኛው፣ ለጸሐፊዋ፣ ለሾፌሩ። ሾፌሩ አልሳቀም።»

«ሳቁን ተዉት። ለእሱም ኮዱን አስነስተዋል?»

«አስነስቻለሁ።»

ሦስት ጊዜ ለሁለት አካፍላ፣ ፋይሏን ይዛ በረረች።

አመሻሽ ላይ ደወለች። አልፋለች። ቤቷ ካለው ቅጂ ጋር ስታስተያየው አንዲት ጠብታ እንኳ አልጎደለም።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ተመልካቾቼ አርባ ይደርሳሉ። እሷ አጠገቤ ካለች ግን ሦስት ናቸው።