ከገመድ ሱቁ ጓሮ
እርጥብ ቃጫ ሲሸተኝ ቡታጅራ ያለው የአባቴ የገመድ ሱቅ ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴ ጣሊያንን ሲዋጋ ግራ እጁን አጥቶ ስለተመለሰ፣ የቃጫውን ጫፍ በእግሩ ጣቶች ይዞ በቀኙ ይገምድ ነበር። አንድ ጠዋት የጣሊያን ካሚዮኖች በደጃችን ሲያልፉ፣ እሱ ከጓሮ ቃጫ የሚፋቅበትን የእንሰት ችግኝ ይተክላል። እናቴ ተቆጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ነገ ቢያባርሩንስ? ይሄ እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው!"

"ይሄ ሲደርስ እነሱ አይኖሩም። ሱቁ ግን ቃጫ ይፈልጋል።"

እኔ "እነሱ" ሲል የእንሰት ሥር የሚበሉትን ፍልፈሎች ያለ መስሎኝ ጉድጓዳቸውን ፈለግሁ። እናቴ ትታን ሄደች፤ ስትመለስ ለችግኙ እበት ተሸክማ ነበር።

እንሰቱ ሲደርስ ጣሊያን አልነበረም። ቃጫውን የፋቀችው እናቴ ናት። ሱቁ ዛሬ በእጄ ነው፤ ሰማንያን አልፌም ዘንድሮ ከጓሮው ችግኝ ተክያለሁ።