ፊት ያልነበረው ሾፌር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ያልረሳሁት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው በክፉ ሲያነሳኝ እዚያው መሃላቸው ቁጭ ብዬ ስለነበር ነው።

አሶሳ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ያን ሰሞን በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ጀምሬ ነበር። ታሪኩ ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ገበያተኛ ጭኖ ስለተገለበጠ መኪና ነው። ሾፌሩን ጨምሮ ሰው ሞቷል። ለቅሶው ሳይነሳ ግን በየስልኩ ሌላ ወሬ ተነዛ። ሾፌሩ ተከፍሎት ሆን ብሎ ነው የገለበጠው፣ ደግሞም አልሞተም፣ ድንበር ተሻግሯል ተባለ። "ያያችሁት ጠቁሙ" የሚል ጽሑፍ ያለበት የአንድ ሰው ፎቶም ዞረ። እኔ መሳል የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ አደጋውንም፣ ወሬውንም።

አንድ ቀን ሆሞሻ ሄጄ ገበያውንና በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ስስል ዋልኩ። ስለ መኪናው የጠየቅኋቸው ሰዎች "ለምን ፈለግሽው?" ይሉኝና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ደብተሬን የሚያዩበት ዓይን ደስ አላለኝም።

በሚኒባስ ወደ አሶሳ ስመለስ ሙቀቱ ስላስቸገረኝ ቀይ ጃኬቴን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ብዙም ሳንርቅ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልኩን ለጎረቤቱ አሳየው።

"ይቺን አየሃት? ዛሬ ሆሞሻ ገበያ ነበረች ይላል። በደብተር የሰው ቤት ምልክት እየያዘች ነው።"

"ለማን?"

"ለማን እንደሆነማ ይነግሩሃል?"

አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። ፎቶው ላይ ያለችው እኔ ነበርኩ። ከጀርባዬ ነው ያነሱኝ፤ ፊቴ አይታይም፣ ቀዩ ጃኬት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዷ "እንዲህ ያለውን ይዞ ማስረከብ ነው" አለች። ረዳቱ ዞር ብሎ ሲያየኝ አወቀኝ ብዬ ጃኬቱን በእጄ ሸፈንኩት። ሁሉም የሚያውቀኝ መሰለኝ።

ያኔ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ዘንቢላቸውን ከእግራቸው ሥር አንስተው ጭኔ ላይ፣ ልክ ጃኬቱ ላይ አስቀመጡት። እኔን ለመደበቅ ይሁን እንዳልነሳ ለመያዝ አላወቅሁም።

አሶሳ ስንወርድ ክንዴን ያዙኝ። የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ "አንተ" ነው የሚሉኝ።

"ና፣ ቤት እንሂድ።"

"የማን ቤት እማማ?"

"የኔ ቤት። ደብተር አሳየኝ።"

ልቤ አላመናቸውም። እየመሩ ለሰው ሊሰጡኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንቢ ብዬ እንዳልሮጥ ደግሞ ተሳፋሪዎቹ ገና አልተበተኑም። ተከተልኳቸው።

ቤታቸው ከሴት ልጃቸው በቀር ሰው አልነበረም። ደብተሩን ተቀብለው ገጽ በገጽ ገለጡ። መኪናው የተሳለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ሾፌሩ ላይ አሳረፉ።

"ፊት የለውም" አሉ።

የሾፌሩን ፊት ሳልስል ነበር የተውኩት። የዞረው ፎቶ እውነት የእሱ መሆኑን ማረጋገጥ ስላልቻልኩ ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

"ያ ፎቶ ልጄ አይደለም" አሉኝ። "ያን ሰው እኔ አላውቀውም። ሙሳን እኔ ቀበርኩ። ሰው ግን ሸሸ ይላል።"

እርሳሴን አወጣሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ ልጃቸው ትተረጉማለች፣ እኔ እስላለሁ። ግንባሩ ሰፊ፣ አንድ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፤ "አይ፣ አፉ እንዲህ አይደለም" ሲሉኝ አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ ብዙ ካዩት በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ነው" አሉ።

ልወጣ ስል መኪናው ውስጥ ለምን እንደሸሸጉኝ ጠየቅኋቸው። ገበያ ውስጥ ስለ መኪናው ስጠይቅ ሰምተው ነበር የተከተሉኝ፤ እሳቸውም ጠርጥረውኝ።

"ስለ ሙሳ እኔን ማንም አልጠየቀም፣ ሳይጠይቅ ፈረደ" አሉኝ። "አንተን መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ አልኩ።"

ያ ፎቶዬ እስከ ዛሬ ይዞራል። አሁንም ውጭ ስስል ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ነው፤ አጠገቤ ስልክ ያነሳ ሰው ሳይ ደብተሬን እዘጋለሁ። መጽሐፉ ግን ሊያልቅ ነው። የሙሳ ፊት አንድ ሙሉ ገጽ ይዟል፤ እናቱ እንዳሉት አድርጌ ነው የሳልኩት።