ማሽኑ የማያውቀው ጣት

ልጄ በማለዳ ከሰመራ ደውላ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩን ሆን ብለሽ ነው የምታበላሺው ብለውኛል፤ ዛሬ ከሰዓት ለፖሊስ ይሰጡኛል» ስትለኝ፣ አዋሽ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ሣህን እያጠብኩ ነበር። ሽርጤን አለመፍታቴ የታወቀኝ ወደ ሰመራ የሚሄደው መኪና ውስጥ ነው። ሚሌ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ምሳ ሲበላ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ልጄ የከባድ መኪና ማቆሚያ ግቢ በር ላይ ነው የምትሠራው። ሾፌርና ረዳት ሲገባ ጣቱን ማሽን ላይ ይጭናል፣ እሷ በኮምፒውተር ትመዘግባለች። ኮምፒውተሩ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ድርቅ ይላል። መኪና በሙቀቱ ይሰለፋል፣ ስድቡ ይወርዳል። በሩ ጋ ስደርስ አንዱ ሾፌር «ማዘር፣ ልጅሽ ዛሬስ በስንት ሰዓት ትገድለዋለች?» አለኝ። በልቤ ረገምኩት።

ወንበሯ ላይ ኃላፊው ተቀምጧል። እሷ ጥግ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት። እኔም እንደነሱ፣ አፌን ይቁረጠው።

«የጣት ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው ጥፋቱ። ጣት በተጫነ ቁጥር ሚሞሪ ይወስዳል። ጣቱን ካወቀው ይመልሳል፤ ካላወቀው ግን እንደያዘ ይቀራል። የረዳቶቹ ጣት ደግሞ በግሪስ አልቋል፤ አሥሬ ይጭናሉ። ሣህን ወስዶ የማይመልስ ደንበኛ ቢበዛብሽ ምን ይተርፍሻል? ክፉ ሰው ይኼን ካወቀ በጣቱ ብቻ ሊያቆመን ይችላል ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ‹እንዴት አወቅሽ? አንቺው ነሽ› አሉኝ።»

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሚሞሪ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሣህኑ ግን ገባኝ።

«ጌታዬ፣» አልኩት ኃላፊውን፣ «እሷ እዚያው እጇን አጣጥፋ ትቁም። እኔ ጣቴን ልጫን፤ እሷ ሳትነካው ይደርቅ እንደሆን እዩት።»

«ሴትዮ፣ ሰርከስ መሰለሽ?»

ሾፌሮቹ ግን ተሰብስበው «ትጫን! ትጫን!» አሉ። ለእኔ አዝነው አይደለም፤ ጨዋታ ፈልገው ነው።

ጫንኩ። ቀይ መብራት። ያልተመዘገበ ጣት፣ ያውም በበረኪና የተላጠ፣ ማን ያውቀዋል? ደግሜ ጫንኩ። ቀይ። መጀመሪያ ይቆጥሩልኝ ነበር፣ በኋላ ሰለቻቸው። ጣቴ ደነዘዘ፤ በሌላው ቀጠልኩ። ባይቆምስ? በገዛ እጄ ልጄን አሳሰርኳት ማለት ነው። እግዚአብሔርን ዕቃ እንዲበላሽልኝ ለመንኩት።

ኃላፊው ኪቦርዱን መታ። ደግሞ መታ። ደርቋል።

«እናትየዋም ያው ናት!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው አልሳቀም። ልጄ የጻፈችውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ቆሞ አነበበው። እስከ መጨረሻው ሲያነበው ገና የመጀመሪያው ነበር። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። «ከነገ ጀምሮ ረዳቶቹን በደብተር መዝግቢ» አላትና ወጣ። ፖሊስ አልተጠራም።

ስወጣ ዘበኛው «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ» አለኝ።

«ልጄን ካልነካችሁ ምን ላደርግ እመጣለሁ?» አልኩት። ሽርጤን የፈታሁት ግን መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።