የስድስት ሰዓቱ ዜና መዝገብ

ኅዳር 12 ቀን፣ ረቡዕ። በስድስት ሰዓቱ ዜና ሥር ሦስት ዜናዎች ተመዝግበዋል፤ ሦስቱም «ክፉ» በሚለው ዓምድ። አራተኛው ተራ ቁጥር ተጽፏል፣ ፊት ለፊቱ ግን ባዶ ነው። የደብተሩ ባለቤት ሬዲዮኑ እየተናገረ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አልፏል። በዚያ ሰዓት የተነበቡት ዜናዎች ዘጠኝ ነበሩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። ሰፈሩ «ጋሼ ቆጣሪ» ይላቸው ነበር። አንዱን ቆጣሪ አንዴ አይተው ጽፈው አያውቁም፤ ጥቂት ራመድ ይሉና ተመልሰው ደግመው ያዩታል። ለአዲስ ተቀጣሪዎች፣ «የመጀመሪያው ዓይን ይቸኩላል» ይሏቸው ነበር።

መዝገቡን ያስጀመራቸው ንዴት ነው። በመጋቢት ወር የሕዝብ ሬዲዮው የሰፈሩ የቧንቧ ውሃ መበከሉን ተናገረ። እውነት ነበር፤ ቱቦ ፈንድቶ ለሦስት ቀን ፍሳሽ ገብቶበታል። በአራተኛው ቀን ተጠገነ፣ ታጠበ፣ ተመረመረ፣ ንጹሕ ሆነ። የምርመራውን ወረቀት ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ተቀብለው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሬዲዮው ግን ጭጭ። ባለቤታቸውም ከቧንቧው አልጠጣም ብለው በሚያማቸው ጉልበት ከሰፈሩ በላይ ያለውን ዳገት እየወጡ ከምንጭ በጀሪካን መሸከም ያዙ።

«ለመሆኑ እኔ የውሃ ሰው አይደለሁም?»

«ነህ እንጂ። ሬዲዮ ላይ ግን አልቀረብክም።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት ዝም ብሎ ተለጥፏል። ንጹሕ ነው ሲሉ በጆሮዬ ልስማ፣ ያኔ እጠጣለሁ።»

በየቀኑ የስድስት ሰዓቱን ዜና እየሰሙ ክፉ፣ ደግ፣ መካከለኛ እያሉ መመደብ ጀመሩ። ባለቤታቸው፣ «እነሱ ክፉ ያወራሉ፣ አንተ ክፉ ትለቅማለህ። ማን ይሻላል?» ይሏቸዋል። በሰባት ወር ከ1,894 ዜናዎች 1,377ቱ ክፉ ሆኑ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈው መልስ ሲያጡ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ጣቢያው ድረስ ሄዱ።

የአድማጮች ቅሬታ ክፍል ሠራተኛዋ ገጾቹን በትሕትና ገለጠች።

«አባባ፣ ክፉውን እኛ አልፈጠርነውም።»

«ማን ፈጠራችሁ አለ? ጀምራችሁ አትተዉት ነው የምለው። ተበከለ ያላችሁትን፣ ጠራ በሉ።»

ኮምፒውተሯን አየች። «ብለናል። መጋቢት 23፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከስፖርቱ በፊት።»

«እሑድ በዚያ ሰዓት ማን ይሰማል?»

«እርስዎ የመዘገቡት የስንት ሰዓቱን ነው?»

«የስድስት ሰዓቱን።»

«ብቻውን?»

ቆጣሪ ደግሞ ሳያይ የሚጽፍን ሠራተኛ ስንት ጊዜ ተቆጥተዋል! እሳቸው ግን ሰባት ወር ሙሉ በአንዱ ሰዓት ተቀምጠው በጣቢያው በሙሉ ፈርደዋል። መጀመሪያ በራሳቸው ተናደዱ፤ ቀጥሎ ንዴቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እሺ፣ በስድስት ሰዓቱ ድገሙልኝ። ክፉውን በአንድ ቀን አራት ጊዜ ብላችሁታል።»

«አሁንማ አርጅቷል አባባ። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ዜና አይሆንም።»

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ነገሯቸው። «ተናግረዋል። በመጋቢት።»

«በጆሮህ ሰምተሃል?»

አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው። ሰምቻለሁ ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ፤ የዳገቱ ጉዞም በቀረ። ያላዩትን ቁጥር ጽፈው የማያውቁት ሰው ግን አንገታቸውን ደፉ።

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ዜና ሁሉ መመዝገብ ያዙ። ክፉው ከሦስት አራተኛ ገደማ ወደ ሁለት ሦስተኛ ወረደ፤ ጣቢያውን የማያስመሰግን፣ እሳቸውንም ረታሁ የማያሰኝ ልዩነት። ለሦስተኛ ደብዳቤ አልበቃም።

ኅዳር 12 ጠዋት ባለቤታቸው ጉልበታቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ባዶውን ጀሪካን አነሡ።

«ስጪኝ» አሉ።

«አንተ? ንጹሕ ነው እያልክ?»

«ንጹሕ ነው። ስጪኝ አልኩሽ።»

ምንጩ ዘንድ አሥራ አንድ ሰው ቀድሟቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጋሼ ቆጣሪ፣ እርስዎም አመኑ?» ብሎ ተሣለቀባቸው። «የባለቤቴን ጉልበት ነው ያመንኩት» ብለው ወረፋቸውን ያዙ። ሃያ ሊትሩን ሞሉ፤ ሲመለሱ ሁለት ቦታ አረፉ። አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ማድ ቤት አስገብተው ክዳኑን አጠበቁት፤ ደብተራቸውንም ይዘው ሬዲዮኑ ፊት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።